የወንዙ ቀለበት ዘበኛ

የነበርኩበትን አገር ስም አልናገርም። ብጠራው የሚጠቀም የለም፣ ባልጠራውም የሚጎዳ የለም። ወንዝ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ሹም አለው። ለዚህ ታሪክ ያ ይበቃል።

በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ጤና አይጠያየቅም። «መልክዎ እንዴት ዋለ?» ነው የሚባለው። መልሱም «ይመስገን፣ ያው ነው» ነው። በየከተማው አንድ የመልክ ሹም ይሾማል፤ ሥራው ከተማው ከላይ ለሚመጣ ሰው ዓይን እንዳይጎረብጥ መጠበቅ ነው። አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ ከጎረቤቱ ልብስ ጋር ካልተስማማ ያስነሣል። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ካየ ቀና እንዲል ያደርጋል።

የእኛ ከተማ የመልክ ሹም አቶ ልሳነወርቅ ይባሉ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቀጭን ናቸው፣ ፀጉራቸው ያለዕድሜው ሸብቷል፣ ሲናገሩ የኮታቸውን ቁልፍ ያሽከረክራሉ። ከእሳቸው በፊት የነበረው ሹም አንድ የበር ቀለም ደብዝዞ በመገኘቱ ተነሥቶ የት እንደገባ አልታወቀም። ስለዚህ አቶ ልሳነወርቅ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከጫፉ ላይ ነበሩ።

እኔ አስማረ እባላለሁ፤ የድልድዩ ዘበኛ ነበርኩ። ድልድይ የሚሰርቅ ሰው ስለማይመጣ ሥራዬ የተመቸ ነበር። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ፤ ሰው ሲጠፋ ቁልቁል ወንዙን አያለሁ። ወንዛችን በጋውን በሙሉ ደረቅ ነው፤ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ክረምት ሲገባ ግን ከተራራው ድንገት ይወርዳል። ከድልድዩ በታች፣ ዳርቻው ዝቅ ባለበት በኩል ታች ሰፈር አለ። የእኔም ቤት እዚያ ነው። ባለቤቴ የሺመቤት ጉልበቷን ስለሚያማት ከደጃፍ ብዙ አትርቅም።

ማንጠግቦሽ የታች ሰፈር ልጅ ናት። ስለ እሷ ስናወራ ለሥራዋ ስም አልነበረንም። ሸክላ አትሠራም፣ ቤት አትሠራም፣ ሥዕልም በወረቀት ላይ አትሥልም። በጋ ሲሆን ወንዙ ውስጥ ትወርድና እዚያው ባገኘችው ነገር ትሠራለች፤ በድንጋይ፣ በደለል፣ በረገፈ ቅጠል፣ በእሾህ ጭራሮ። አንድ በጋ አሸዋውን በግራር ቅርንጫፍ አበጥራ እንደ ሹሩባ ጎነጎነችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ውሃ ያላገኙትን የዛፍ ሥሮች ሁሉ ከዳርቻው ገላልጣ፣ በነጭ አፈር ቀብታ፣ ዛፎቹ እግራቸውን አንሥተው ሊሄዱ የተነሡ አስመሰለቻቸው። ከዚያ ክረምት ይመጣል፣ ወንዙም ይወስደዋል። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ የተቆላ ሽምብራ ይዞ ድልድዩ ላይ ይወጣል፤ ውሃው ሲወስደው ያያል፣ «ይሄኛው ቶሎ ሄደ» «አይ፣ ያምናው ነው የፈጠነው» ይባባላል፣ ወደየቤቱ ይገባል።

መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ አዝኜላት ነበር።

«አይቆጭሽም?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ይህን ሁሉ ለፍተሽ።»

«ጋሼ፣ ውሃው ሲወስደው እኮ ነው የሚያልቀው» አለችኝ። «እስከዚያ ጅምር ነው።»

የምነግራችሁ ዓመት እናቷ እትዬ ዘርትሁን የሞቱበት ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። አሮጊቷ ልጃቸው ስትሠራ ዳርቻው ላይ፣ ልብስ በሚያጥቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩና «ይሄ ጠሟል፣ አንሺው» ይሉ ነበር። ሌላ ምስጋና አያውቁም። ማንጠግቦሽም ታነሣዋለች። አንዳንዴ ያነሣችውን እሳቸው ዞር ሲሉ መልሳ እዚያው ታስቀምጣለች፤ አሮጊቷም መለስ ብለው ያዩና «አሁን ተስተካከለ» ይላሉ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ማንጠግቦሽ ከነጥቁር ልብሷ ወንዙ ውስጥ ወረደች። ድንጋይ በቀለም በቀለሙ መለየት ጀመረች። ቀለበት ነበር የሠራችው። እናቷ ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ፊት ለፊት፣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ቀለበት። ከውጭ በኩል ነጭ ነው፤ ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ አመድማ፣ ከዚያ የቡና ዓይነት፣ ከዚያ ቀይ፣ መጨረሻው ጥቁር። አንዱ ቀለም የት እንደሚያበቃና ሌላው የት እንደሚጀምር ዓይን አይለየውም። መሐሉ ባዶ አሸዋ ነው።

«መሐሉስ?» ብዬ ከላይ ጠየቅኳት።

«መሐሉ ይቅር» አለች። ቀና ብላ ላብዋን በክንዷ ጠረገችና «ወንዙ ሲወስደው ከል አወልቃለሁ። ለእማዬ ነግሬያታለሁ» አለችኝ።

ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ ይነገራል ወይ አላልኳትም።

ሥራው ሊገባደድ ጥቂት ሲቀረው የበላያችን በከተማችን በኩል ሊያልፉ ነው ተባለ። የበላያችን ከሹሞቹ ሁሉ በላይ ያሉት ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው በላይ ስላለው አልተነገረንም። መኪናቸው ድልድዩ ላይ ቆመች። ወረዱ፣ ወገባቸውን ይዘው ተንጠራሩ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል አዩና «ይሄ ደስ ይላል» አሉ። ገብተው ሄዱ። አጠገባቸው ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ቃሌን እንድሰጥ ታዘዝኩ።

«በምን ዓይነት ድምፅ ነው ያሉት?» አሉኝ አቶ ልሳነወርቅ።

«በደህና ድምፅ።»

«ልብ ብለህ መልስ። ደስ ይላል ነው ያሉት፣ ወይስ ደስ ይል ነበር?»

«ደስ ይላል።»

ሹሙ ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። «ሰማችሁ፤ ይላል ብለዋል፣ ነበር አላሉም። ስለዚህ ነገም መኖር አለበት። ከነገ ወዲያም።»

ተሰብሳቢው ተስማማ። ቀለበቱ «ቋሚ መልክ» ተባለ። ማንጠግቦሽ ተጠርታ ደረቷ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ተሰካላት፤ «የቀለበቱ ወላጅ» የሚል ማዕረግም ተሰጣት። በዚያው ንግግር ውስጥ ወደ ቀለበቱ እንዳትጠጋ ተከለከለች። ምክንያቱንም ሹሙ በትሕትና አስረዷት፦ ወላጅ ልጇን ማረም አይለቃትም፤ የበላያችንን ደስ ያሰኘው ደግሞ ትናንት እንደነበረው ነው።

የቀለበቱ ዘበኛ እኔ ሆንኩ። በማግስቱ ማንጠግቦሽ ጥቁር ድንጋዮች በቅርጫት ተሸክማ መጣች።

«ጋሼ፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ ቀርቶኛል» አለችኝ።

«አልችልም፣ ልጄ። ታዝዣለሁ።»

«አንዴ ብቻ።»

«ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ይታሰር ነው የተባለው። አንቺም ብትሆኚ፣ እኔም ብሆን።»

ቅርጫቱን እግሬ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷ ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ላይ እየመጣች ትቀመጣለች፤ እዚያ መቀመጥን የሚከለክል ትእዛዝ አልነበረም። ስትቀመጥ አያታለሁ፣ ሳያት ታየኛለች፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ቀለበቱ እናያለን።

ሥራዬም የድሮው ሥራ መሆኑ ቀረ። ወልዋዮች ተቀጠሩ፤ በየማለዳው ድንጋዮቹን ሳያነሡ በጨርቅ ይወለውላሉ። የነፋስ መርማሪ ተመደበ። ሰውየው ጣቱን በምራቁ አርሶ ሽቅብ ይዞ ይውላል፤ ነፋስ ሲበረታ «በረታ» ይላል፣ ሲደክም «ደከመ» ይላል፣ ሌላ ሥልጣን የለውም። ዳርቻው ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥላው ቀለበቱ ላይ ስለሚወድቅ ቀለሙን እያዛባ ነው ተባለ። ይቆረጥ የሚሉ ነበሩ፤ አቶ ልሳነወርቅ ግን ዛፍ ሲቆረጥ አያስችላቸውምና በገመድ ወደ ኋላ እንዲሳብ አዘዙ። ታሰረ፤ ተሳበ። ጥላው ትንሽ ሸሸ። ዛፉ አንገቱን እንደተያዘ በሬ ሆኖ ከረመ።

ከሌላ ከተማ ተመልካች መምጣት ሲጀምር ደግሞ የአድናቆት ተቆጣጣሪ መጣ። ሰዎቹን ድልድዩ ላይ አሰልፎ ፊታቸውን ያያል። ከቀለበቱ ይልቅ ዛፉን እያየ የሚቆይ ሰው ካለ «አንተ፣ ወደዚህ» ይለዋል። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ነገር ሲበዛ ሰው ይለምደዋል ብዬ ነበር፤ እውነትም ለመድነው።

ክረምት እየቀረበ ሄደ። በአንድ ስብሰባ ላይ የውሃ አማካሪ የሆነው ጓንጉል የሚባል ዝምተኛ ሰውዬ እጁን አወጣ።

«ወንዙን ምን እናደርገዋለን?» አለ።

«የቱን ወንዝ?» አሉ ሹሙ።

«ይሄንኑ። ቀለበቱ ያለበትን።»

«እና ምን ሆነ?»

«ይመጣል፣ ጌታዬ።»

አቶ ልሳነወርቅ የኮታቸውን ቁልፍ ያዙ። «ማን ፈቀደለት?»

«ድሮም ይመጣ ነበር።»

«ድሮ ቀለበቱ አልነበረማ» አሉ።

ይህ አነጋገር የስብሰባው ውሳኔ ሆነ። ከድልድዩ በላይ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ በአፈርና በጆንያ ትልቅ ክትር እንዲሠራ ተወሰነ። ጓንጉል ተነሥቶ፣ ክትሩ ውሃውን እንደማያስቀረው፣ አቅጣጫውን ብቻ እንደሚያስለውጠው ተናገረ። ወዴት ሲባል ወደ ታች ሰፈር አለ። ለታማኝነቱ ተመሰገነና ክትሩን እሱ እንዲሠራ ታዘዘ።

አዋጅ ነጋሪው ወደ ሰፈራችን መጣ። ውሃው ወደ እናንተ የሚመጣው ለመልክ ሲባል ነውና እንግዳ ተቀባይነታችሁ አይረሳም አለ። ክረምቱ እስኪያልፍ ዳገቱ ላይ ድንኳን እንደሚተከልልን ነገረን። ስለ ቤቶቹ ያለው ነገር የለም። ቤቶቻችን የጭቃ ናቸው።

የሺመቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አዋጁን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሰውየው ሲሄድ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ በዚህ ጉልበት ዳገት አልወጣም።»

«እሸከምሻለሁ።»

«ተሸክመኸኝ ወዴት? ድንኳን ውስጥ ልታስቀምጠኝ?»

«የሺ፣ ቤቱ ጭቃ ነው። ውሃ አይችልም።»

«እኔስ ከምን የተሠራሁ መሰለህ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ «አስማረ፣ ይሄ ቤት እኮ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ነው። አንተ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ትጠብቃለህ። እኛን ማን ይጠብቀን?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ አፈርኩ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ከሥራ ሁሉ የማያሳፍረው ዘበኝነት ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ ወደ ሹሙ ቢሮ ልትሄድ ስትል አብሬያት ሄድኩ። ጥብጣቡን ከደረቷ አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። አቶ ልሳነወርቅ ከወንበራቸው ጫፍ ብድግ ብለው ተቀበሏት።

«ወላጃችን፣ መልክሽ እንዴት ዋለ?»

«ጌታዬ፣ ቀለበቱን ላፈርሰው ነው የመጣሁት» አለች። «ፈቃድ ይስጡኝ። ድንጋዩን መልሼ እበትነዋለሁ፤ ክትሩም አያስፈልግም፣ ታች ሰፈርም ይተርፋል።»

ሹሙ ፊታቸው ተለወጠ። «የሠራሽውን?»

«የእኔ አይደል?»

«መሥራቱን አንቺ ሠራሽው። ደስ የተሰኙበት ግን እሳቸው ናቸው። የማነው እንግዲህ?»

«እኔ ለወንዙ ነው የሠራሁት፣ ጌታዬ። ወንዙ እንዲወስደው።»

«እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትናገሪ» አሉ፤ ግን በቁጣ አልነበረም። በር በሩን አዩ። «ልጄ፣ ከእኔ በፊት እዚህ የተቀመጠውን ሰው ታውቂዋለሽ? በር ነው የደበዘዘበት። አንድ በር። እኔ ወንዝ ሙሉ ነገር ቢጠፋብኝ ምን የሚሆን ይመስልሻል?»

ማንጠግቦሽ ጥብጣቡን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ወጣች። መንገድ ላይ «እሳቸውም ፈርተዋል፣ ጋሼ» አለችኝ። ማዘኗ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

ክትሩ ተሠርቶ አለቀ። ከሰፈራችን ገሚሱ ዳገቱ ላይ ወጣ፣ ገሚሱ እምቢ አለ። የሺመቤት እምቢ ካሉት ወገን ናት። እኔ ደግሞ በየቀኑ ድልድዩ ላይ ሆኜ በስተሰሜን ያለውን ተራራ አያለሁ። እንቅልፍም የምግብ ፍላጎትም አጣሁ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ተራራው ጠቆረ። እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። የነፋስ መርማሪው ጣቱን አንሥቶ «በረታ» አለ፤ የሚሰማው ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ያ የምናውቀው ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ ብዙ ጋሪ ድንጋያማ መንገድ ላይ የሚነዳ ይመስላል። ውሃው መጥቶ ክትሩ ላይ ተጠራቀመ። ቡናማ ነው፣ አረፋው ላይ ግንድ ይገላበጣል። ክትሩ ያዘው፤ ጓንጉል የተባለውን በሚገባ ሠርቶት ነበር። ውሃውም መውጫ ሲፈልግ ቆየና ወደ ታች ሰፈር መንገድ ዞረ።

ወደ ቤቴ ልሮጥ ስል ማንጠግቦሽን አየኋት። ዶማ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ክትሩ እየሄደች ነው። ከኋላዋ ከእኛ ሰፈር ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ይከተሏታል። መንገዷ ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «የምታስረኝ ከሆነ አሁን እሰረኝ። የማታስረኝ ከሆነ ገለል በልልኝ።»

ገለል አልኩላት። ከዚያ ተከተልኳት፤ ከአንዱ ጎረቤቴ እጅ አካፋ ተቀበልኩ።

ክትሩ ላይ ስንደርስ አቶ ልሳነወርቅ ቀድመውን መጥተዋል። ብቻቸውን ናቸው። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ እጃቸውን ዘርግተው ክትሩ አናት ላይ ቆመዋል።

«እንዳትነኩት» አሉ። «እባካችሁ፣ እንዳትነኩት።»

«ጌታዬ፣ ውሃው ቤት ደርሷል» አልኳቸው። «ባለቤቴ እዚያ ናት።»

ዞረው አዩ። ከክትሩ አናት ላይ ታች ሰፈር ወለል ብሎ ይታያል። ውሃው የመጀመሪያዎቹን አጥሮች አልፎ ነበር። አንዲት ሴት ፍየል ታቅፋ ከደጃፏ ስትወጣ ትታያለች። ሹሙ አዩና ዓይናቸውን መልሰው ወደ እኛ አዞሩ።

«የበላያችን መጥተው የት አለ ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አሉ። «ንገሩኝ። ምን ብዬ ልመልስ?»

ማንጠግቦሽ ዶማዋን መሬት አስነካችው። «አለቀ ይበሏቸው።»

«አለቀ? ጠፋ ማለት ነው?»

«አይደለም። ተጠናቀቀ ማለት ነው። እኔ ስጀምረው ጀምሮ መጨረሻው ውሃ ነበር። ውሃው ያልነካው ሥራ ጅምር ነው። ጋሼን ይጠይቁ።»

«እውነት ነው» አልኩ። «ከዓመታት በፊት ነግራኛለች። ደግሞም ከውስጥ በኩል ድንጋይ ይጎድለዋል፤ እኔ ራሴ ነኝ የመለስኳት።»

ውሃው ከሹሙ በስተኋላ ይገፋል፤ ከጆንያዎቹ መሐል መንጠባጠብ ጀምሯል። እጃቸው ወደ ኮታቸው ቁልፍ ሄደ፣ አሽከረከሩት፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ።

«ጅምር ነው?» አሉ።

«ጅምር ነው።»

«እንግዲያው የበላያችን ያዩት ጅምሩን ነው።»

«ጅምሩን ነው» አለች።

«ጅምር ደስ ካሰኛቸው ፍጻሜው...» አሉና ቆሙ። ከዚያ ቀጥ ብለው፣ በስብሰባ ድምፅ፣ «የቋሚ መልክን መጠናቀቅ ማደናቀፍ ጥፋት ነው» አሉ። «ማነው ይሄንን ክትር እዚህ የሠራው?»

ከሰዎቹ መሐል ጓንጉል ብቅ አለ። «እርስዎ ነዎት ያዘዙት፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እኔው አፈርሰዋለሁ። ዶማ ስጡኝ።»

ዶማ ያዙ። አያያዙን አያውቁትም፤ በመጀመሪያው ምት የገዛ እግራቸውን ሊመቱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ማንጠግቦሽ ክንዳቸውን ይዛ እንዴት እንደሚቆሙ አሳየቻቸው። ሁላችንም ገባንበት። ጆንያውን ጎተትን፣ አፈሩን ናድን፤ ሰው ቆፍሮ ሳይሆን ቧጥጦ የሚያፈርስ ይመስል ነበር። አንዱ ጥግ ሲሸረሸር ጓንጉል «ውጡ፣ ውጡ» እያለ ገፋፋን። ዳርቻው ላይ እንደወጣን ክትሩ ተሰነጠቀ። ወንዙ ወደ ድሮ መንገዱ ገባ።

ወደ ድልድዩ ሮጥን። ዳገቱ ላይ የነበሩትም ወርደዋል። ውሃው ቀለበቱ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ነካው፤ ድንጋዮቹ ሲርሱ ቀለማቸው እንዴት እንደደመቀ ልነግራችሁ አልችልም። ወልዋዮቹ በጨርቅ ሲለፉ የከረሙት ለዚያች ቅጽበት ይመስል ነበር። ነጩ በራ፣ ቀዩ ቀላ። ለጥቂት ጊዜ ቀለበቱ በሙሉ በውሃው ሥር ታየ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ሊዞር እንደፈለገ። ከዚያ ሄደ። የአድናቆት ተቆጣጣሪው ከእኛ ጋር ቆሞ ያይ ነበር፤ የማንንም ፊት ሳይመለከት።

ማንጠግቦሽ ድልድዩ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። እናቷ የሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። ሴቶቹ ከበቧት፣ ማንም ዝም በይ አላላትም። ስትጨርስ ጥቁሩን ነጠላ ከላይዋ አውርዳ አጣጠፈችው። ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ወርዶ ነበር። «እፎይ» አለች፣ ለራሷ።

እኔ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ውሃው ደጃፋችን ላይ ደርሶ ነበር የተመለሰው። የሺመቤት አልጋው ላይ ቆማ፣ በትሯን ይዛ፣ ድስቱንና ብርድ ልብሱን አቅፋ አገኘኋት።

«ሄደ?» አለችኝ።

«ሄደ።»

«ቀለበቱስ?»

«እሱም።»

ከአልጋው ላይ ሳወርዳት አንገቴን አቀፈችኝ፤ ከሰርጋችን ወዲህ ያን ያህል አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም። ሁለታችንም ጭቃ ውስጥ ቆመን ሳቅን። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ዛፉን ፈታው። ቀጥ ለማለት ጊዜ ወሰደበት፤ ግን ቀጥ አለ።

ክረምቱ ሲያበቃ የበላያችን ተመልሰው ያልፋሉ ተባለ። አቶ ልሳነወርቅ ከማለዳው ጀምሮ ድልድዩ ላይ አጠገቤ ቆሙ። መልሳቸውን ሲለማመዱ እሰማለሁ፦ «ተጠናቋል፣ በክብር ተጠናቋል።» መኪናዋ መጣች። አልቆመችም። በመስኮቱ በኩል የበላያችን ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው እንደተኙ አየናቸው። መኪናዋ ከታጠፈች በኋላም ሹሙ ለብዙ ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ፤ ከዚያ በርጩማዬን ሳይጠይቁኝ ሳቡና ተቀመጡ። ጀርባቸውን ድልድዩ ላይ አስደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ተመቻችተው ነበር የተቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ስለ ቀለበቱ ማንም የጠየቀ የለም። ወልዋዮቹም፣ የነፋስ መርማሪውም ወደየነበሩበት ተመለሱ። እኔም ወደ ድልድዬ።

ወንዙ ሲደርቅ ማንጠግቦሽ እንደገና ወረደች። የለበሰችው ቢጫ ነበር። አሸዋው ላይ እየተመላለሰች፣ አንዱን ድንጋይ በእግሯ እየገፋች፣ አንዱን እያነሣች ትጥላለች። አቶ ልሳነወርቅ ከዳርቻው ቁልቁል ወርደው ከአጠገቧ ቆሙ። ድልድዩ ላይ ሆኜ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«ዘንድሮ ምንድነው የምትሠሪው?» አሏት።

«ገና አላወቅኩም።»

አቶ ልሳነወርቅ ትንሽ አሰቡ። «ስታውቂው» አሉ፣ «ለእኔ አትንገሪኝ።»

ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና በባዶ እግራቸው በአሸዋው ላይ ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ገና ያልተሠራውን እንዳይረግጡ የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር።